የቀለም ብዕር በወሎ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ሥራዬ ማስተማር ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ደብተር ይዤ እየዞርኩ እስላለሁ። ቡና ቤት ቁጭ ብዬ የብዕሬን ክዳን ስከፍት አጠገቤ ያለው ሰው "ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ?" ይለኛል። ከዚያ ጥያቄው አያባራም። ደጋግሜ የመለስኳቸውን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

የቀለም ብዕር የምትለው የትኛውን ነው?

አባቶቻችን በጅምላ "ፓርከር" የሚሉትን። ቀለሙ ሆዱ ውስጥ ይሞላል፤ ኒብ በሚባለው፣ መሃሉ በተሰነጠቀው ብረት በኩል ወረቀት ላይ ይወርዳል። እስክርብቶ ጫፉ ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ኳስ አለችው። ቀለሙም ወፍራምና ቅባት ያለው ስለሆነ ጫን ማለት ይፈልጋል። የቀለም ብዕር ቀለም ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ኒቡ ወረቀቱን ከነካ በቂ ነው፤ ራሱ ይወርዳል። ሲጽፍ ውሎ ጣቱ የሚያመው ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ገጽ ያውቀዋል።

ሳይጫኑት ቀለሙ እንዴት ይወርዳል?

በኩራዝ ያጠና ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። ጋዙ ታች ነው፣ ክሩ ግን ወደ ላይ ይስበዋል። ብዕሩም የሚሠራው በዚሁ ነው። ከኒቡ ስር ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉ። ቀለሙ በቦዮቹ ይሳባል፣ ከዚያ በኒቡ ስንጥቅ ይወርዳል፣ ከስንጥቁ ደግሞ ወረቀቱ ይቀበለዋል። ቀለም በወጣ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን በ1884 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘው ይህንን የቀለምና የአየር ልውውጥ በሚያስተካክል አሠራር ነው።

ብዕር "እምቢ አለኝ" ስትሉኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው እነዚህን ቦዮች ነው። ደርቀው ተዘግተው ነው። ብዕሩ አልተሰበረም፣ እጃችሁም ጥፋት የለበትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን ልግዛ?

ርካሹን። ይሄን የምለው ከልቤ ነው። ውድ ብዕር የያዘ ጀማሪ ይፈራዋል፣ ሲፈራው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ተቀምጦ ደግሞ ይደርቃል። የጃፓኑ ፕላቲነም ፕረፒ ርካሽ ነው፤ ክዳኑ አየር ስለማያስገባ ለወራት ብትተዉት እንኳ ቶሎ አይደርቅም። የቻይናዎቹ ሂሮና ጂንሃውም ለመልመጃ ይበቃሉ። ትንሽ አቅም ካለ ፓይለት ሜትሮፖሊታን፣ ወይም ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የጀርመኑ ላሚ ሳፋሪ። ሳፋሪ መያዣው ላይ የጣት ቦታ አለው። አያያዝ ለሚማር ልጅ ጥሩ ነው።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ እንደ እስክርብቶ ተደርድሮ አይጠብቃችሁም። ብዙዎቻችን ያገኘነው ከአዲስ አበባ አስመጥተን፣ ከውጭ በመጣ ዘመድ፣ ወይም ከቤተሰብ ወርሰን ነው። ዘመድ የምታስልኩ ከሆነ ኮንቨርተሩን አትርሱ። ኮንቨርተር ማለት ከብልቃጥ ቀለም መሳቢያዋ ትንሽ ቱቦ ናት። እሷ ከሌለች ካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለም ተሞልቶ የሚሸጥ ቱቦ፣ ፍለጋ ስትንከራተቱ ትኖራላችሁ። እሷ ካለች ግን አንድ የ50 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ከ50 ጊዜ በላይ ይሞላል። ኮንቨርተር ከጠፋ የታጠበ ባዶ ካርትሪጅ በመርፌ ሲሪንጅ መሙላት ይቻላል። እኔ ለሁለት ዓመት የጻፍኩት እንደዚያ ነው።

የኒቡ ውፍረት ለአማርኛ ለውጥ አለው?

አለው፣ በጣም። የላቲን ፊደል ሲጽፉ ያማረው ወፍራም ኒብ ለእኛ ፊደል አይመችም። ኃምሱን ተመልከቱ፦ ሌ፣ ቤ፣ ሜ። እግራቸው ላይ ያለችው ቀለበት በወፍራም ኒብ ትደፈንና ነጥብ ትሆናለች። ጩ እና ጬ ደግሞ ጨርሶ አይለዩም። ተራ መስመር ያለው ደብተር ላይ ለምትጽፉ ቀጭን ኒብ ውሰዱ። የጃፓን ኒብ ተመሳሳይ ምልክት ካለው የአውሮፓ ኒብ አንድ ደረጃ ያህል ይቀጥናል። ስለዚህ የጃፓኑ መካከለኛ ከአውሮፓው ቀጭን ጋር ይቀራረባል።

አንድ የምወደው ነገር አለ። ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ የተቆረጠ ኒብ ይሸጣል፤ 1.1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው በብዛት ይገኛል። ሰፋ አድርጋችሁ ስትጽፉበት ወደ ታች የሚወርደው መስመር ይወፍራል፣ የጎኑ ይቀጥናል። ያኔ ደብተራችሁ ላይ የምታዩት የብራና ፊደል ነው። ፊደላችን ያን መልክ ያገኘው ተቆርጦ ከተጠረበ የመቃ ብዕር ነውና። የሠርግ ጥሪ ወይም ለእናታችሁ ደብዳቤ ስትጽፉ ሞክሩት።

የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስገባ ብዕሬ ቀለም ተፍቶ አገኘዋለሁ። ምን ሆኖ ነው?

ይህን ጥያቄ ከኮምቦልቻ ተመላልሰው የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ጠይቀውኛል። መልሱ ዳገቱ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500። ያቺን አጭር መንገድ ስትወጡ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ብዕሩ ውስጥ የታሰረው አየር ግን የኮምቦልቻ አየር ነው። ሲለቀቅለት ይለጠጣል፤ ስሌቱ 8 በመቶ ገደማ ይመጣል። ብዕራችሁ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ሊትር አየር ካለ አንድ ጠብታ የሚያህል ቀለም ገፍቶ ያስወጣል። አንድ ጠብታ ነጭ ሸሚዝ ላይ ምን እንደምትሠራ ታውቃላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ብዕሩን ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፤ አየር ከሌለ የሚለጠጥ የለም። ወይም ባዶ ይሁን። ሁለቱም ካልሆነ ኒቡ ወደ ላይ እንዲሆን ኪሳችሁ ላይ ሰኩት። ያኔ ቀለሙ ታች ይቀራል፣ የሚወጣው አየሩ ብቻ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ቦርሳ ስር በጎኑ የተጋደመ፣ ግማሽ የደረሰ ብዕር ግን ሐረጎን በሰላም አይወጣም። ከባቲ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል፤ ባቲ ከኮምቦልቻም ዝቅ ትላለችና።

ወደ ታች ሲወርዱ ችግር የለም። አየሩ ይኮማተራል፣ ቀለሙ ወደ ውስጥ ይገባል።

ምን ዓይነት ቀለም ልሙላ?

ብልቃጡ ላይ ለቀለም ብዕር እንደሆነ የተጻፈበትን ብቻ። ከሁሉ በፊት ይሄን ያዙልኝ። የሥዕል ዕቃ መሸጫ ውስጥ "የህንድ ቀለም" የሚባል ጥቁር ቀለም አለ። ሲያዩት ያምራል፣ ውሃም አይነካውም። ግን በውስጡ ሙጫ አለው። ብዕር ውስጥ ሲደርቅ ቦዮቹን ይደፍናቸዋል፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። እሱ እየተነከረ ለሚጻፍበት ብዕር ነው።

ለዕለት ጽሑፍ እንደ ፓርከር ኩዊንክ ያለ ተራ ቀለም ይበቃል። ኩዊንክ ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ ብዕሩን አይጎዳም፣ ሲታጠብም ቶሎ ይለቃል። ችግሩ ውሃ ነው። ወረቀቱ ላይ ሻይ ከፈሰሰ ጽሑፉ ተያይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ውልና ማመልከቻ በታጣቢ ሰማያዊ አትጻፉ። ለዚያ ውሃ የማይነካው ቀለም አለ። አንዱ በረቂቅ ዱቄት የሚሠራ ነው፣ ለምሳሌ ፕላቲነም ካርቦን። ሌላው የብረት ጨው ያለበት የድሮው ዓይነት ነው፤ ሲጻፍ ይፈዛል፣ አየር ሲያገኘው እየጠቆረ ወረቀቱን ይይዛል። ሁለቱም የሚታመኑ ናቸው፤ ግን በየቀኑ የምትጽፉበት ብዕር ይፈልጋሉ። ሞልታችሁ ለሁለት ወር ከተዋችኋቸው ይደርቃሉ፣ ከደረቁ ደግሞ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

የሚያብለጨልጭ ቀለም? ለአንድ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ያምራል። ለዕለት ጽሑፍ አልመክረውም።

አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። በጥላሸት የተሠራውን ቀለም ብዕሬ ውስጥ ብሞላውስ?

ይህን የጠየቀችኝ ከሐይቅ አካባቢ የመጣች ልጅ ነበረች። ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ብዕሩ ውስጥ አይገባም። የብራና ቀለም ጥላሸት አለበት፣ ጥላሸቱን የሚያያይዝም ነገር አለበት። ለዘመናት ሳይለቅ የኖረው በዚያ ምክንያት ነው። ያው ጥንካሬው ግን ቀጭን ቦይ ባለው ብዕር ውስጥ ጠላት ይሆናል። ቀለሙን ለመቃ ብዕር ተዉት።

ግን እዚያ አታቁሙ። መቃ ቆርጣችሁ፣ ጫፏን በምላጭ ጠርባችሁ፣ መሃሏን ሰንጥቃችሁ በዚያው ቀለም ጻፉ። የቀለም ብዕር ኒብ መሃሉ ለምን እንደተሰነጠቀ ያን ቀን ይገባችኋል፤ ሥራው አንድ ነው። በግዕዝ "ብርዕ" ማለት መቃ፣ ሸምበቆ ማለት ነው። "ብዕር" ከዚያ የመጣ ነው። "ቀለም" ደግሞ በዓረብኛ መጻፊያው ራሱ ነው፤ በእኛ ዘንድ ፈሳሹ ሆነ፣ ትምህርቱም ሆነ። ጎበዝ ተማሪን "ቀለሜዋ" የምንለው ለዚህ ነው።

ወሎ ውስጥ ሁለቱም ጽሕፈት አለን። በአንድ በኩል የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የዚያ ገዳም ነው። በሌላ በኩል አማርኛን በዓረብኛ ፊደል የጻፉት የመንዙማ ሊቃውንት አሉ። አጀሚ የምንለው ነው፤ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ከነዚህ አንዱ ናቸው። አያቱ በእንጨት ሉሕ ላይ የቀራ ልጅም፣ አያቱ ብራና ዳምጠው የጻፉ ልጅም ተማሪዎቼ ናቸው። የቀለም ብዕር ሲሰጧቸው ሁለቱም እንደ ባዕድ ነገር ሲያዩት አዝናለሁ። የቅርብ ዘመዳቸው ነው።

ግራኝ ነኝ። እጄ ጽሑፉን ያበላሸዋል።

አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የግራ እጅ አሁን የተጻፈውን እየጠረገ ያልፋል። ቀጭን ኒብና ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ያዙ። ወረቀቱን ወደ ቀኝ ጠመም አድርጉት፣ እጃችሁ ከመስመሩ በታች ይሁን።

አጀሚ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። ከቀኝ ወደ ግራ ሲጻፍ የሚጠርገው ቀኝ እጅ ነው። መድረሳ የቀሩ ሰዎች እጃቸውን ከመስመሩ በታች አድርገው ሲጽፉ አይቻለሁ። ግራኝ ተማሪዎቼን ከነሱ ተማሩ እላቸዋለሁ።

አባቴ ትተውልኝ የሄዱት ብዕር አይጽፍም። ጣሉት አሉኝ።

እባካችሁ አትጣሉት።

አባዬ መምህር ነበር። ፓርከር 51 ነበረችው። ኒቧ ጫፏ ብቻ ብቅ ብሎ የሚታይ፣ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ የዋለች ታዋቂ ብዕር ናት። እሱ ካለፈ በኋላ እማዬ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠቻት። 11 ዓመት ተቀመጠች። ስከፍታት ምንም አልጻፈችም። ለአንድ ጠጋኝ ባሳያት "አልቆላታል" አለኝ።

ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ቀዳሁ፣ ኒቧን ወደ ታች አድርጌ ዘፈዘፍኳት። በነጋታው ውሃው ሰማያዊ ሆኖ አደረ። ቀየርኩት። እንደገና ሰማያዊ ሆነ። በአራተኛው ቀን ውሃው ጠራ። ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ነበር። ያ የፈሰሰው ቀለም አባዬ በገዛ እጁ የሞላው ነበር። ከዚያ ከብልቃጥ አዲስ ቀለም ሳብኩና ስሙን ጻፍኩባት። ዛሬም የተማሪ ፈተና የማርመው በሷ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ። ሙቅ ውሃ በፍጹም፤ የድሮ ብዕሮች አካል ይጣመማል። አልኮልና አሴቶንም አታስጠጉ፣ ፕላስቲኩን ይበሉታል። ካልለቀቀ ውሃው ላይ አንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ፣ በኋላ በደንብ አለቅልቁ። በጉልበት አትፍቱ። ሦስት ቀን የሚፈልገውን በሦስት ደቂቃ ልጨርስ ያለ ሰው ይሰብረዋል።

ዘፍዝፋችሁም ቀለም ካልሳበ ውስጡ ያለው የጎማ ከረጢት ደርቆ ይሆናል። በጎናቸው ማንሻ ያላቸው የድሮ ሸፈር ብዕሮች ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ከረጢቱ ይቀየራል፤ ብዕሩ ግን ደህና ነው። እስኪቀየር ኒቡን ብልቃጥ ውስጥ እየነከራችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

ለሥዕልስ ይሆናል?

እኔን የያዘኝ እሱ ነው። እርሳስ ይጠፋል፣ ላጲስ አለው። ቀለም ግን አይመለስም። ስለዚህ ከመስመሩ በፊት ማየት ትማራላችሁ። አይጠየፍን ለመጀመሪያ ጊዜ ስስለው ግማሽ ሰዓት ዝም ብዬ አየሁት፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን ያን ትልቅ አዳራሽ ስንት ዓመት ሳልፍበት አይቼው አላውቅም ነበር።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ውሃ የማይነካው ቀለም ነው። መስመሩን ታሰምራላችሁ፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ላዩ ላይ የውሃ ቀለም ትቀባላችሁ። መስመሩ አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው፣ እኔ የምወደው፣ ተራውን ታጣቢ ቀለም መጠቀም ነው። መስመር ታሰምሩና እርጥብ ብሩሽ ታሳልፉበታላችሁ። ቀለሙ ይፈታና ጥላ ይሆናል። አንዳንዱ ጥቁር ቀለም ሲፈታ ሰማያዊና ቡኒ ይወጣዋል። ብሩሽ ከሌለ የረጠበ ጣት ይሠራል።

ለደሴ ይህ የተሰጠ ነው። ጦሳን በጠዋት ጉም ሲይዘው በደረቅ መስመር አትይዙትም። ቅርብ ያሉትን ጣሪያዎች በጨለማ መስመር ሠሩ። መካከለኛውን ባሕር ዛፍ በቀጭን መስመር። ተራራውን ደግሞ ምንም ሳታሰምሩ፣ ብሩሹ ላይ በቀረው ውሃ ብቻ። አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ሆናችሁ ስትሞክሩት ግን ተጠንቀቁ። ጉሙ ወረቀቱን ያረጥበዋል፣ መስመሩ ፀጉር ያወጣል። ደብተሩን ጃኬት ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ።

ጥላ ለማውጣት መስመር በመስመር ላይ ደርድሩ፤ በተጠጋጋ ቁጥር ይጨልማል። በጣም ቀጭን መስመር ስትፈልጉ ብዕሩን ገልብጣችሁ በኒቡ ጀርባ አሰምሩ። ብዙ ኒብ ይፈቅዳል።

ሰው መሳል የፈለገ ሰኞ ባቲ ይውረድ። የገበያ ሰው አይቆምም፣ ግመልም አይቆምም። በ20 ሴኮንድ ውስጥ ትከሻውንና የተሸከመውን ብቻ ያዙ። ፊት አትጀምሩ። ደግሞ ሰው ስትስሉ አስፈቅዱ። ስዕሉን ስታሳዩአቸው ይስቃሉ፣ ቀጥሎ "እኔንም" የሚል ይመጣል።

ወረቀቱ ቀለም ይጠጣል።

ብዙ ሙከራ ሳያስፈልግ በአንዲት መስመር ታውቁታላችሁ። ደብተር ከመግዛታችሁ በፊት መጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ አንድ መስመር አሰምሩ፣ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ። መስመሩ ሥር ካወጣ ወይም በጀርባው ካለፈ ተዉት። ለስለስ ያለና ጠበቅ ያለ ወረቀት ይሻላል። ያላችሁ ስስ ደብተር ብቻ ከሆነ ቀጭን ኒብ ያዙና በአንድ ገጽ ብቻ ጻፉ።

በየስንት ጊዜው ይታጠብ?

በየቀኑ ከጻፋችሁ በየወሩ አንዴ። ቀለም በቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ የግድ፤ ሁለት ቀለም ሲቀላቀል ዝቃጭ ሊያወጣ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የማትጽፉበት ከሆነ አጥባችሁ አድርቃችሁ አስቀምጡት።

ብዕሬን ለሰው ላውሰው?

አውሱ፤ ግን "አትጫነው" በሉ። በእስክርብቶ የለመደ እጅ ይጫናል፣ ኒቡም ይከፈታል። እኔ ብዕሩን ከመስጠቴ በፊት አንድ መስመር አሰምሬ አሳያለሁ።

ጋቢዬ ላይ ፈሰሰ!

አታሹት። ማሸት ያሰፋዋል። በደረቅ ጨርቅ ጫን እያላችሁ ምጠጡት፣ ከዚያ ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ታጣቢ ሰማያዊ ከሆነ በውሃና በሳሙና አብዛኛው ይለቃል። በረኪና ነጩን ሊያነጣ ይችላል፤ ጥለቱን ግን ያበላሻል። ቀለሙ የብረት ጨው ያለበት ከሆነ በረኪና ጨርሶ አታስነኩት፣ እድፉን እንደ ዝገት ያስቀረዋል። ለሱ ሎሚና ጨው አድርጋችሁ ጥቂት አቆዩትና እጠቡት። የዱቄት ቀለም ከሆነ ደግሞ ሳይደርቅ ድረሱበት፤ ከደረቀ አይለቅም። የኔ ጋቢ ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች፣ ሐይቅ ዳር ስስል የወደቀች። ሰባት ዓመት ታጥባለች፣ አሁንም አለች።